የክሬን ፍላይ ዝርያን መለየትና መግለጽ፦ ከመረብ እስከ አዲስ ስም

ክሬን ፍላይ (ረጅም እግር ያለው፣ ትልቅ ትንኝ የሚመስል ዝንብ) የሚለየው በጅራቱ ጫፍ ነው። እግሩ ቢረዝም፣ ክንፉ ቢዥጎረጎር፣ ፎቶው ቢያምር፣ የወንዱ የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ካልታየ አብዛኛውን ጊዜ ከጂነስ (ከዝርያ በላይ ካለው የዘመዳሞች ቡድን) አልፎ መሄድ አይቻልም። እስካሁን ከ15,000 በላይ ዝርያዎች ስም አግኝተዋል፤ ብዙዎቹ በዓይን ሲታዩ ቡናማ ወይም ግራጫ ናቸው። ሥራው የሚበላሸውም በታወቁ ቦታዎች ነው፦ ናሙናው እግር አልባ ሆኖ ይደርሳል፣ ወይም ሴት ብቻ ይያዛል፣ ወይም ድሮ የተሰየመ ዝርያ «አዲስ» ተብሎ ይጻፋል። የሚከተለው ቅደም ተከተል እነዚህን ለማስቀረት የተደረደረ ነውና ደረጃ አይዝለሉ። በተለይ 5ኛውንና 6ኛውን።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚከተሉትን ያሰናዱ፦

- የነፍሳት መረብና ብዙ ትናንሽ ብልቃጦች (ለአንድ ናሙና አንድ ብልቃጥ)
- በሦስት ማዕዘን የታጠፉ የወረቀት ፖስታዎች
- ከ70 እስከ 80 በመቶ የሆነ ኢታኖል፤ ለዲኤንኤ ደግሞ 95 በመቶ
- ቢያንስ 40 እጥፍ የሚያጎላ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ
- ጫፋቸው የሾለ ሁለት ወረንጦዎች፣ ትንሽ መቀስ፣ እንጨት ላይ የተሰኩ ቀጫጭን መርፌዎች
- 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ አሴቲክ አሲድ፣ ግሊሰሪን፣ በእስፒል የሚሰኩ ጥቃቅን ቱቦዎች
- አሲድ የሌለው ወረቀትና በአልኮል የማይለቅ ቀለም ወይም እርሳስ

ማስጠንቀቂያ፦ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ያድርጉ። ዱቄቱን ወደ ውሃው ይጨምሩ እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አያፍስሱ። በአሉሚኒየም ዕቃ አይጠቀሙ፤ ይበላዋል። ክዳኑን ገጥመውም አያሙቁት።

በጥብቅ ቦታ የሚሰበስቡ ወይም ናሙና ድንበር የሚያሻግሩ ከሆነ ፈቃዱን አስቀድመው ያውጡ። ፈቃድ የሌለውን ናሙና የማይቀበሉ ሙዚየሞች አሉ፤ ናሙናው ሙዚየም ካልገባ ደግሞ ደረጃ 8 ላይ ሥራዎ ይቆማል።

ደረጃ 1፦ መያዝ

1. እርጥብ ቦታ ይምረጡ፦ የጅረት ዳር፣ ረግረግ፣ ሞስ (አረንጓዴ ለስላሳ ተክል) የሸፈነው ድንጋይ፣ የበሰበሰ ግንድ አካባቢ። ወደ ማምሻው ላይ ዝቅተኛውን ተክል በመረብ ይጥረጉ። ማታ ብርሃን ላይም ይመጣሉ።
2. ከመያዝዎ በፊት የሚቻል ከሆነ አርፎ ሳለ ፎቶ ያንሱ። ክንፉን ዘርግቶ ነው ያረፈው ወይስ ጀርባው ላይ አጥፎ? ሲሞት ይህ መረጃ አይገኝም፤ የዓይን ቀለምም እንደዚያው።
3. እግሩን ይዘው አያንሱ። ክሬን ፍላይ እግሩን ጥሎ ማምለጥ ልማዱ ነው። ብልቃጡን ከላይ ይድፉበት።
4. ወንዶችን ያብዙ። የወንዱ ሆድ መጨረሻው ወፍሮ ድቡልቡል ይላል፤ የሴቷ ሾጥጦ እንቁላል መጣያ ይሆናል። ከአንድ ቦታ በርከት ያሉ ወንዶች ካልያዙ የዝርያውን መለዋወጥ ማየት አይችሉም።
5. ተጣምረው የተገኙ ወንድና ሴት ካሉ በአንድ ብልቃጥ ያስቀምጡና ተጣምረው እንደተያዙ ወዲያው ይጻፉ። ሴቷ የየትኛው ወንድ እንደሆነች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ የመስክ ማስረጃ የለም።

መለያ ወረቀቱን እዚያው ቦታ ላይ ይጻፉ፦ አገር፣ አካባቢ፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ከባህር ጠለል በላይ ከፍታ፣ ቀን፣ የያዘው ሰው፣ የተያዘበት መንገድ፣ የአካባቢው ዓይነት። ወሩን በሮማ ቁጥር ወይም በቃል ይጻፉ፤ «5/6» የሚል ቀን ሰኔ ይሁን ግንቦት የሚያውቅ የለም። «ማታ ቤት ስገባ እጽፈዋለሁ» የተባለ መለያ ብዙ ጊዜ ከሌላ ብልቃጥ ጋር ይቀያየራል።

ደረጃ 2፦ መግደልና ማቆየት

1. ብልቃጡን ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩ። ኢታይል አሲቴትም ይገድላል፤ ነገር ግን ተቀጣጣይ ነው፣ ሲበዛ ክንፉን ያረጥባል፣ ዲኤንኤውንም ይጎዳል። ፍሪዘር ካለ ፍሪዘሩን ይምረጡ።
2. ሌላ ነገር ከማድረግዎ በፊት አንድ የመሃል እግር ቆርጠው 95 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ያስገቡና ፍሪዘር ውስጥ ያኑሩ። ቁጥሩ ከናሙናው ቁጥር ጋር አንድ ይሁን።
3. ትልልቆቹን በወረቀት ፖስታ ያድርቁ፦ ክንፎቹ ወደ ላይ ተገናኝተው፣ እግሮቹ ወደ አንድ ወገን ተሰብስበው። ሲደርቅ የደረቱን አንድ ጎን በትንሽ የወረቀት ሦስት ማዕዘን ጫፍ ላይ ያጣብቁ። ሙጫው በውሃ የሚለቅ ይሁን፤ ሌላው ጎን ምንም አይነካው።
4. ትንንሾቹን በ70–80 በመቶ ኢታኖል ያኑሩ። ሲደርቁ ተጨማደው ሊጠፉ ይችላሉ።
5. ከተቻለ ከአንድ ስብስብ ከፊሉን በደረቅ፣ ከፊሉን በአልኮል ያኑሩ። አልኮል ቀለም ያደበዝዛል፣ የደረትን ብናኝ መሰል ሽፋን ያጠፋል፤ መድረቅ ደግሞ ሆድን ያኮማትራል።

ሲበላሽ፦ እግር ከወደቀ በጄላቲን ካፕሱል አድርገው በዚያው እስፒል ላይ ይስኩት። ከማን እንደወደቀ ያላዩትን እግር ግን ለማንም አያጣብቁ። የደረቀው ናሙና ተጣጥፎ አልዘረጋ ካለ እርጥብ ጨርቅና ሻጋታ የሚከላከል ትንሽ ቲሞል ባለበት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያሳድሩት። በአልኮል ክንፉ ከተጣጠፈ ውሃ ላይ ያንሳፉት፤ ራሱ ይዘረጋል፣ ከዚያ ከሥሩ ወረቀት ሰደው ያንሱት።

ደረጃ 3፦ በእርግጥ ክሬን ፍላይ ነው?

ሦስት ነገሮችን በማይክሮስኮፕ ይመልከቱ።

- ደረቱ ላይ፣ ከላይ ሲታይ፣ የተገለበጠ «ለ» የሚመስል ስንጥቅ አለ።
- አናቱ ላይ፣ በሁለቱ ትልልቅ ዓይኖች መካከል፣ ትናንሽ ነጠላ ዓይኖች የሉም።
- ክንፉ ላይ የኋላውን ጠርዝ የሚነኩ ሁለት አናል መስመሮች (በክንፉ የኋላ ክፍል ያሉ ደም ሥር መሰል መስመሮች) አሉ።

ነጠላ ዓይኖች ካሉ የያዙት «የክረምት ክሬን ፍላይ» የሚባለው የትሪኮሴሪዴ ቤተሰብ ነው፤ የእሱ ሁለተኛ አናል መስመር አጭርና ቶሎ የታጠፈ ነው። ጠርዝ የሚነካው አናል መስመር አንድ ብቻ ከሆነ ወደ ሌላው ቤተሰብ፣ ፕቲኮፕተሪዴ፣ ይሂዱ። ክንፉ በቅርፊት ከተሸፈነና ረጅም መውጊያ ካለው ትንኝ ነው። በረዶ ላይ የሚራመዱት የቺዮኒያ ዝርያዎች ግን ክንፍ ባይኖራቸውም ክሬን ፍላይ ናቸው፤ ክንፍ የለም ብለው አይጣሏቸው።

ደረጃ 4፦ ቤተሰብና ጂነስ

አራት ቤተሰቦች አሉ። የሚለዩባቸው ምልክቶች ልዩ ሁኔታዎች ስላሏቸው በአንድ ምልክት ብቻ አይወስኑ።

ቲፑሊዴ፦ በአብዛኛው ትልልቆቹ። ከአፉ ጎን ያለው ዳሳሽ (ፓልፕ) የመጨረሻው ክፍል እንደ ጅራፍ ረጅም ነው። አንቴናው አብዛኛውን ጊዜ 13 ክፍል አለው። ሰብኮስታ የሚባለው የክንፍ መስመር መጨረሻው አር1 (የመጀመሪያው የራዲየስ መስመር) ላይ ነው።

ሊሞኒዴ፦ የዳሳሹ መጨረሻ አጭር ነው፣ አንቴናው ብዙ ጊዜ 14 ወይም 16 ክፍል አለው፣ ሰብኮስታ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ይሄዳል።

ፔዲሲዴ፦ በዓይኑ ቅንጣቶች መካከል አጫጭር ጸጉሮች አሉ። ብርሃኑን ከጎን ካላደረጉት አይታዩም።

ሲሊንድሮቶሚዴ፦ ከ100 ያነሱ ዝርያዎች ያሉት ትንሹ ቤተሰብ። ሌሎቹን ሳያስወግዱ ወደዚህ አይምጡ።

ከዚህ በኋላ የአካባቢውን የጂነስ መለያ ቁልፍ (በተከታታይ ጥያቄዎች ወደ ስሙ የሚያደርስ ዝርዝር) ይጠቀሙ። ቁልፉ ቶሎ ስለ እግር ይጠይቅዎታል፦ የቅልጥሙ (ቲቢያ) ጫፍ ላይ እሾህ አለ ወይስ የለም? ለምሳሌ በሊሞኒዴ ውስጥ የሊሞኒኔ ንዑስ ቤተሰብ ይህ እሾህ የለውም፤ ሊምኖፊሊኔ አለው። እግሮቹ ከጠፉ ይህን ጥያቄ በሌላ መንገድ መመለስ ከባድ ነው።

ክንፉን ሲያነቡ መስመሮቹን ከፊት ወደ ኋላ በቅደም ተከተል ሥለው ስማቸውን ይጻፉ። ከዚያ በፊት ቁልፉን አይክፈቱ፤ አለበለዚያ ቁልፉ የሚፈልገውን መስመር «ያያሉ»። መስመር አልታይ ካለ ከሥር ነጭ ሳይሆን ጥቁር ወረቀት ያድርጉ። የአንዱ ናሙና የቀኝና የግራ ክንፍም አንዳንዴ ይለያያሉ። ሁለቱንም ይዩ።

ደረጃ 5፦ የወንዱን ጅራት ማጽዳትና መፍታት

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ያጥፉ። የወንዱ የሆድ ጫፍ ሃይፖፒጂየም ይባላል። ከላይ የሚሸፍነው 9ኛው ቴርጋይት (የ9ኛው የሆድ ክፍል የላይ ጋሻ) ነው፤ በጎን ሁለት ጎኖኮክሳይቶች አሉ፤ በእነሱ ላይ ሴቷን የሚይዙ ጎኖስታይለሶች አሉ፤ መሃል ላይ ዘር ማስተላለፊያው ኤዲያገስ ነው።

1. ከመቁረጥዎ በፊት ሙሉውን ጅራት ከላይ፣ ከጎንና ከኋላ ፎቶ ያንሱ። የጸጉሩ አቀማመጥና የተፈጥሮ አቋሙ ከዚህ በኋላ ይለወጣል።
2. ናሙናውን ነጭ ሳህን ላይ ይዘው ሆዱን በ6ኛውና በ7ኛው ክፍል አካባቢ በመቀስ ይቁረጡ። የደረቀ ከሆነ ፈትለክ ብሎ ይጠፋል፤ የአልኮል ጠብታ አስቀድመው ያሳርፉበት።
3. የተቆረጠውን በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያሳድሩ። ከቸኮሉ ብልቃጡን በሙቅ ውሃ ውስጥ አቁመው በየ5 ደቂቃው ይዩት። ጡንቻው አልቆ ቆዳው የማር ቀለም ሲይዝ ያውጡ።
4. ጥቂት አሴቲክ አሲድ ጠብ የተደረገበት ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያቆዩ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ያጠቡ። ይህን ከዘለሉ ፖታሹ (ፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ) ውስጥ ለውስጥ መብላቱን አያቆምም።
5. ጎድጎድ ያለ ስላይድ ላይ ግሊሰሪን ያድርጉ፣ ጅራቱን ያስገቡ፣ በመርፌ ከፊት ወደ ኋላ ጫን እያሉ የቀረውን ጡንቻ ያስወጡ።
6. ከላይ፣ ከጎን፣ ከኋላ ይሣሉት ወይም ፎቶ ያንሱት። አልቆም ካለ ትንሽ የጥጥ ክር ያስደግፉት።
7. የአንዱን ወገን ጎኖስታይለስ ብቻ ነቅለው ለየብቻ ይዩት። ሌላው ወገን እንደተፈጠረ ይቆይ።
8. ሁሉንም ቁራጭ በግሊሰሪን ባለ ጥቃቅን ቱቦ አድርገው ከናሙናው ጋር በአንድ እስፒል ይስኩ።

በዚህ ደረጃ የሚያጋጥሙ

ቆዳው በጣም ነጥቶ ምንም ካልታየ፦ ብዙ ቆይቷል። ብርሃኑን ይቀንሱ ወይም ክሎራዞል ብላክ በሚባለው ማቅለሚያ ጥቂት ያቅልሙት። በድጋሚ ፖታሽ ውስጥ አይክተቱት።

አየር ከውስጥ ከተያዘ፦ ለጥቂት ደቂቃ አልኮል ውስጥ ያስገቡና ወደ ግሊሰሪን ይመልሱ።

ላይና ታቹ ከተምታታብዎ፦ በአንዳንድ ጂነሶች የወንዱ ጅራት 180 ዲግሪ የዞረ ነው። ከመቁረጥዎ በፊት ያነሱት ፎቶ እዚህ ያድንዎታል።

ቅርጹ መጽሐፍ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አልገጥም ካለ፦ ሥዕሉ ከምን እንደተሣለ ያረጋግጡ። በስላይድና በመስታወት መሃል የተጨፈለቀ ጎኖስታይለስ ግሊሰሪን ውስጥ ካለው የሰፋ ይመስላል። የተጨፈለቀን ከተጨፈለቀ፣ ያልተጨፈለቀን ካልተጨፈለቀ ጋር ብቻ ያወዳድሩ። «አዲስ ዝርያ» ሆነው የሚመጡ ብዙ ነገሮች እዚህ ቦታ ይተናሉ።

ጅራቱ ለስላሳና ፈዛዛ ከሆነ፦ ከሙሽሬው ገና የወጣ ግለሰብ ነው። ቀለሙን አይመዝግቡ፤ ሌላ ወንድ ይፈልጉ።

ደረጃ 6፦ ማወዳደር

የቅርብ ዘመዶች ልዩነት ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ለማየት ሁለቱን የታወቁ የሣር ሥር አጥፊዎች ይውሰዱ፦ ቲፑላ ኦለራሲያና ቲፑላ ፓሉዶዛ። በመጀመሪያ እይታ አንድ ናቸው። የመጀመሪያው አንቴና 13 ክፍል፣ የሁለተኛው 14 ነው። ራሱን ገልብጠው ከሥር ሲያዩት የኦለራሲያ ዓይኖች ይቀራረባሉ፣ የፓሉዶዛ ይራራቃሉ። የፓሉዶዛ ሴት ክንፏ ከሆዷ ያጥራል። ከሥር ሳይገለብጥ የሚፈርድ ሰው ሁለቱን ሲያምታታ ይኖራል።

1. በክልሉም ሆነ በአጎራባች አገሮች ያሉ የጂነሱን ዝርያዎች በሙሉ ይዘርዝሩ። በኢንተርኔት በነጻ የሚገኘው የዓለም ክሬን ፍላዮች ካታሎግ ለዚህ የተሠራ ነው።
2. የእያንዳንዱን የመጀመሪያ መግለጫ ያግኙ። አሜሪካዊው የነፍሳት ተመራማሪ ቻርልስ ፖል አሌክሳንደር ብቻውን ከ10,000 በላይ የክሬን ፍላይ ዝርያዎችን ሰይሟል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ አጭር ጽሑፍ ብቻ ያላቸው ናቸው። ጽሑፉ አጭር ነው ብለው ዝርያውን ከዝርዝር አያስወጡ።
3. ጽሑፉ ካልበቃ መሰየሚያ ናሙናውን (ሆሎታይፑን) ይዩ ወይም ካለበት ሙዚየም ፎቶ ይጠይቁ። የአሌክሳንደር ስብስብ በአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ነው።
4. በእርስዎ ናሙናና በእያንዳንዱ ዘመድ መካከል ያለውን ልዩነት በሠንጠረዥ ያስፍሩ። የቀለም ልዩነት ብቻ ያለበት ረድፍ ማስረጃ አይደለም።
5. ልዩነቱ በሁሉም ወንዶችዎ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ። በአንዱ ላይ ብቻ ከታየ ግለሰባዊ ጉድለት ሊሆን ይችላል።

የዲኤንኤ ባርኮድ (658 ፊደል ርዝመት ያለው የሲኦአይ ጂን ክፍል) ይረዳል፤ በተለይ ሴትን ከወንድ ለማገናኘት። ነገር ግን የመረጃ ቋቱ «ተመሳሳይ አልተገኘም» ካለ ያ ዝርያ ገና አልተነበበም ማለት እንጂ አዲስ ነው ማለት አይደለም።

ያለዎት ሴት ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ ያቁሙ። በጂነስ ደረጃ ስም ሰጥተው ያስቀምጡና ወንድ እስኪገኝ ይጠብቁ።

ደረጃ 7፦ መግለጫውን መጻፍ

ከራስ ወደ ጅራት ይሂዱ፦ ራስ፣ አንቴና፣ ደረት፣ እግር፣ ክንፍ፣ ሆድ፣ ሃይፖፒጂየም፣ ከዚያ ሴቷ። ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ግሥ የለሽ ይሁን።

መጥፎ፦ «የ9ኛው ቴርጋይት ጠርዝ ለየት ያለ ቅርጽ አለው።»

ጥሩ፦ «የ9ኛው ቴርጋይት የኋላ ጠርዝ መሃሉ ላይ በ«ሀ» ቅርጽ የተሰረጎደ፤ የስርጉዱ ጥልቀት የስፋቱ ግማሽ፤ ግራና ቀኙ ክብ፣ ጥቁር አጫጭር እሾህ ያለው።»

ሁለተኛውን ያነበበ ሰው ሥዕል ሳያይ መሣል ይችላል። በዚያው ልክ ሁሉንም ይፈትሹት።

ልኬት ላይ የክንፍ ርዝመትን ያስቀድሙ፤ ሆድ ሲደርቅ ስለሚኮማተር የሰውነት ርዝመት ይዋሻል። ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለውን ክልልና ስንት ግለሰብ እንደለኩ ይጻፉ። ሥዕሎቹ ቢያንስ ክንፉን፣ ቴርጋይቱን ከላይ፣ ጎኖስታይለሱን ከጎን፣ ኤዲያገሱን ያሳዩ፤ ሁሉም የልኬት መስመር ይኑራቸው።

ከመግለጫው በፊት አጭር መለያ አንቀጽ ያስገቡ፦ ይህ ዝርያ ከእነ ማን ጋር ይመሳሰላል፣ በምን በምን ይለያል። አንባቢ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚህ ነው፤ ከሦስት ወይም አራት ምልክት አይለፍ።

ደረጃ 8፦ ስምና ሕትመት

የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ኮድ 4ኛ እትም ከጥር 1 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ከሚከተሉት አንዱ ከጎደለ ስሙ ዋጋ የለውም፦

- በላቲን ፊደል የተጻፈ ባለ ሁለት ቃል ስም
- አዲስ መሆኑ በግልጽ መጠቀሱ («ኤስፒ. ኖቭ.»)
- ዝርያውን የሚለዩ ባሕርያት በቃላት መገለጻቸው
- አንድ ሆሎታይፕ መመረጡና የሚቀመጥበት ስብስብ ከነቦታው መጻፉ

ሕትመቱ በኤሌክትሮኒክ ብቻ ከሆነ አስቀድሞ በዙባንክ (የእንስሳት ስሞች ኦፊሴላዊ የኢንተርኔት መዝገብ) መመዝገብ፣ የምዝገባው ማስረጃና የሕትመት ቀኑ በጽሑፉ ውስጥ መታየት አለበት።

ሆሎታይፑ ወንድ፣ ለዲኤንኤ ከተቆረጠው በቀር እግሮቹና ክንፎቹ የተሟሉ፣ ጅራቱ ተፈትቶ ከእሱ ጋር የተሰካ ይሁን። ቀይ መለያ ወረቀት ያድርጉበት። ከመሰየምዎ በፊት ስሙ በጂነሱ ውስጥ ቀድሞ አለመያዙን በካታሎጉ ይፈልጉ፤ እንደ ቲፑላ ባለ ሰፊ ጂነስ ቀላል ቅጽሎች በአብዛኛው አልቀዋል። ቅጽል ከሆነም ጾታው ከጂነሱ ጋር ይስማማ፤ ቲፑላ አንስታይ ነው። ዝርያውን በራስዎ ስም መጥራት ኮዱ አይከለክልም፣ ግን ይተውት።

የቀሩትን ናሙናዎች (ፓራታይፖቹን) ቢያንስ ለሁለት የተለያዩ ሙዚየሞች ያካፍሉ። የዲኤንኤ ቁጥሩን፣ የእግሩን ቱቦና የግሊሰሪን ቱቦውን ቁጥር በጽሑፉ ውስጥ ያስፍሩ፤ ከሕትመት በኋላ ቀድሞ የተሰየመ ተመሳሳይ ዝርያ ካገኙ ደግሞ ሌላ ሰው ሳይቀድምዎ ተመሳሳይ ስም መሆኑን ራስዎ አጭር ጽሑፍ አድርገው ያውጡ።